ባንዳችንን ያፈረሰው ኮሮና አይደለም

«ባንዳችሁ የት ደረሰ?» የሚል ሰው ሲያጋጥመን አምስታችንም መልሳችን አንድ ነው። «ኮሮና ነዋ!» እንላለን። ጠያቂው ከንፈሩን ይመጣል፤ ወሬው እዚያው ያበቃል። ያስኬዳል ደግሞ። መጋቢት 2012 ላይ ተማሪው ወደየቤቱ ተላከ፣ ሆቴሎች ሙዚቃ አቆሙ፣ ድግስ የሚባል ነገር ቀረ። ማን ይጠረጥራል?

ግን ውሸት ነው። ኮሮና ሲመጣ እኛ ከተኳረፍን ሁለት ወር አልፎን ነበር።

እውነቱን ለመጻፍ የተነሳሁት በሁለት ልጆች ምክንያት ነው። ቤቴ ድረስ መጥተው የቤዝ አምፕሊፋየሬን እንዳከራያቸው ጠየቁኝ። እዚሁ ጅማ ባንድ ጀምረዋል። «ስንት ናችሁ? ዕቃው የማን ነው? ቀብድ የሚቀበለውስ ማን ነው?» አልኳቸው። ተያይተው ሳቁ። «ኧረ እኛ ወንድማማች ነን» አሉኝ። እኛም ቃል በቃል እንደዚያ ነበር የምንለው።

የእኛ የተጀመረው በ2008 ነው። እኔ የሂርማታ ገበያ ሰፈር ልጅ ነኝ። ቤዝ የጀመርኩት በቀበሌ ኪነት ውስጥ በባስ ክራር ነው። ድራመሩ የሻሸመኔ ልጅ፤ ሬጌን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነው የሰማው። ጊታሪስቱ ኢንጂነሪንግ ሊማር ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ኪቦርዲስቷ ጤና ተማሪ። ድምፃዊው ደግሞ አጂፕ አካባቢ ሞባይል ይጠግን ነበር። በአማርኛም በኦሮምኛም እኩል ይዘፍናል። ጅማ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግማሹን ሕዝብ ይዘህ ግማሹን አታስኮርፍም።

ሬጌ ለከተማው አዲስ አልነበረም። እዮብ መኮንንን፣ ጆኒ ራጋን የማያጫውት ባጃጅ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ፓንክ የሚባለውን ፈጣንና ጩኸታም ሮክ ያመጣው ጊታሪስቱ ነው፣ በፍላሽ። ታሪኩንም እንደ ገድል ይተርክልን ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ለንደን ውስጥ ሮክሲ የሚባል የፓንክ ክለብ ነበር። ዲጄው ዶን ሌትስ ይባላል፤ ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ። ፓንክ ገና እየጀመረ ስለነበር የሚያጫውተው በቂ ሸክላ የለም። ስለዚህ በባንዶቹ መሀል ሬጌ ይለቅባቸው ነበር። ጸጉራቸውን ያቆሙት የነጭ ልጆች ወደዱት። ክላሽ የተባለው ባንድ በዚያው ዓመት ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ የጃማይካዊውን የጁኒየር መርቪንን ሬጌ በራሱ መንገድ ተጫወተ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደግሞ ባድ ብሬይንስ የሚባሉ አራት ጥቁር ወጣቶች መጡ። አንዱን ዘፈን በመብረቅ ፍጥነት ይጨርሱና ቀጣዩን ዝግ ያለ ሬጌ ያደርጉታል። ጊታሪስታችን «እኛም እንደዚያ!» አለ። ከፊታችን የነበረው ስኒ ቡና ቀዝቅዞ እሱ ግን አላቆመም።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ አስቀያሚ ነበርን። ሬጌ ውስጥ ድራመሩ ከአራቱ ምት የመጀመሪያውን ባዶ ይተወዋል፤ ክብደቱ ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። ጊታሩ በመሀል በመሀሉ «ችክ» ይላል። ዜማውን ተሸክሞ የሚሄደው ቤዙ ነው። ፓንክ ሌላ ዓለም ነው፤ ባዶ ቦታ አይወድም። እጅ ወደ ታች ብቻ እየመታ ይሮጣል። እኛ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንሻገር በየጊዜው እንላተም ነበር። መፍትሔውን ያገኘው ድራመሩ ነው። ሬጌውን በደቂቃ 80 ምት ላይ፣ ፓንኩን 160 ላይ አደረገው። ልክ እጥፉ ነው። ስለዚህ ልቡ ውስጥ ያለው ቆጠራ አይቀየርም፣ አመታቱ ብቻ ነው የሚቀየረው። ባንድ የምትጀምሩ ልጆች ይቺን ያዙ፤ ስምንት ወር አስለቅሳናለች።

ሌላው ያገኘነው ነገር ቅኝት ነው። የፓንክ ጊታር ብዙውን ጊዜ ሙሉ ኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን ሁሉ፣ አይመታም። ከዶ እስከ ሲ ባሉት ሰባት ድምፆች ቆጥሮ መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ነው የሚይዘው። ይህ ለትዝታ የተሠራ ይመስላል! በትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው ያሉት። ከዶ፣ ከሬ፣ ከሶልና ከላ ብትነሱ አምስተኛው ድምፅ እዚያው ቅኝቱ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሚ ላይ ብቻ ሲ ይመጣል፤ ሲ ደግሞ ቅኝቱ ውስጥ የለችም። ጊታሪስቱ ሚን እንዲዘል ነገርነው። በቃ፣ የአገራችን ድምፅ ሆነ። ሰውየው እየጮኸ ነው፣ ግን ትዝታ ነው የሚጮኸው።

የምናጠናው ቡና መጋዘን ውስጥ ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። ሁላችንም «አባባ» ነበር የምንላቸው። ኪራይ አልጠየቁንም፤ ማታ ማታ ዘበኛው ብቻውን እንዳይሆን ብለው ነው የፈቀዱልን። ጆንያ ድምፅ ይውጣል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እንደዚያ ጥርት ያለ ድምፅ የትም አላገኘሁም። ችግሩ ሁለት ነው። የጅማ ዝናብ ሲጀምር ቆርቆሮው ራሱ ድራም ይሆናል፤ ዝናቡ ደግሞ ዓመቱን ከግማሽ በላይ አይለቅም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ቡናው ይገባል። ያኔ ድምፁ ከሁሉም ጊዜ ይበልጥ ያምራል፣ እኛ ግን የምንቆምበት ቦታ የለም።

ከድራሙ በላይ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠለ መዝገብ ነበር። ቀን፣ የጆንያ ብዛት፣ ኪሎ፣ ያስረከበው ሰው ስም፣ ፊርማ። አባባ ከገዛ ወንድማቸው ልጅ ቡና ሲረከቡ እንኳ ያስፈርሙ ነበር። እኛ እንስቅ ነበር። ሦስት ዓመት ከዚያ መዝገብ ሥር ተቀምጠን ተጫውተን አንድ መስመር እንኳ ጽፈን አናውቅም።

ስለ ጎረቤት አንድ ነገር ልበል። አጠገባችን መስጊድ አለ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ አባት መጥተው በትሕትና «ልጆቼ፣ አዛን ሲል ትንሽ ዝም ብትሉ» አሉን። ከዚያ ወዲያ ከመግሪብ በፊት ማብሪያ ማጥፊያውን አንነካም፤ ኢሻ ሲገባም እናርፋለን። ረመዳን ላይ ጭራሽ አናጠናም። በዐቢይ ጾም ደግሞ ሥራ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጅማ ላይ ባንድ ያለው ሰው ዓመቱን አስቀድሞ ማስላት አለበት። ገንዘብ የሚመጣው ቡናው ተሸጦ ጥር ላይ ሠርግ ሲበዛ ነው፤ ከዚያ ደግሞ በምርቃት ሰሞን። የቀረው ጊዜ የልምምድና የብድር ነው።

ዕቃችንን የገዛነው በእቁብ ነው። እያንዳንዳችን በወር 1,000 ብር፣ ለአንድ ዓመት። 60,000 ብር ሆነ። ያገለገለ ድራም በ24,000፣ ሁለት ሞንታርቦ ከነሚክሰሩ በ21,000፣ የቤዝ አምፕሊፋየር በ9,000፣ የጊታር አምፕሊፋየር በ6,000። መጋዘኑ ቡና ሲሞላ ዕቃውን በባጃጅ ጭነን ወደየቤታችን ወሰድነው። ድራሙ ድራመሩ ጋ፣ ሞንታርቦው ኪቦርዲስቷ ጋ፣ አምፕሊፋየሮቹ እኔና ጊታሪስቱ ጋ። ድምፃዊው ምን ይዞ ሄደ? ምንም። 12,000 ብር ከፍሎ ባዶ እጁን ሄደ። ያን ቀን ማናችንም አላስተዋልንም። እሱም አላለም።

የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራችን አንድ ሆቴል ነበር፣ ቅዳሜ ማታ። ሬጌውን ስንጀምር ሰው ተነሳ፣ ጨፈረ። ፓንኩ ሲገባ ተቀመጠ። አንድ ጎልማሳ ጆሯቸውን ይዘው ወጡ። ሦስተኛው ዘፈን መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ቤዝ የለ፣ ጊታር የለ፣ ማይክ የለ። ድራመሩ ግን አላቆመም። ድምፃዊው ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ በባዶ ጉሮሮው ጮኸ። ኋላ የተቀመጡ ተማሪዎች ተቀበሉት፣ አጨበጨቡ፣ ከዚያ ተነስተው መዝለል ጀመሩ። አምስት ደቂቃ ሙሉ በጨለማ። ታዋቂ ያደረገን ያ ጨለማ ነው። ከዚያ በኋላ በየዝግጅቱ አንድ ዘፈን ሆን ብለን መብራት አጥፍተን እንጫወት ነበር።

መብራቱ ሲመለስ ግን የእኔን አምፕሊፋየር አቃጠለው። ስታብላይዘር አልነበረኝም። መብራት ሲሄድ ሁሉንም ንቀሉ፤ ከተመለሰም በኋላ ትንሽ ጠብቁ። የሚያቃጥለው መሄዱ አይደለም፣ አመጣጡ ነው።

በ2010 እና በ2011 ጥሩ ነበርን። ሆቴሉ በቅዳሜ 7,500 ብር ይከፍለን ጀመር። የምርቃት ሰሞን በሳምንት ሦስት ሥራ ነበረን። ስለ አዌቱ ወንዝ የሠራነው ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ወጣና በየባጃጁ ይሰማ ጀመር። ወንዙ ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ቆሻሻችንን ሁሉ ተሸክሞ። ዘፈኑ ሬጌ ሆኖ ይጀምራል፣ ክረምት ሲመጣ ይጮኻል። አሁንም ስሰማው አሪፍ ነው፤ አላፍርም።

አንዴ አዲስ አበባ ተጠራን። ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። የጊቤን ቁልቁለት በሚኒባስ ስንወርድ ድራሙ ጭናችን ላይ ነበር። 20 ደቂቃ ተጫወትን። የተከፈለን ገንዘብ ለደርሶ መልስ አልበቃም። ግን ሰው አጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳን፣ እንደ ነገሥታት ተመለስን። እዚያ ነው አንድ ሰው ድምፃዊውን ለብቻው ጎትቶ ያናገረው። «አንተን ብቻ፣ ሬጌውን ብቻ፣ ጩኸቱን ትተህ» ብሎታል። ድምፃዊው እምቢ አለ። ግን ለእኛ አልነገረንም። ከሰባት ወር በኋላ ከሌላ ሰው ሰማነው። እምቢ ማለቱን ማንም አላመሰገነውም፤ መደበቁን ሁላችንም ያዝንበት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፣ ምክንያቱም እኔም አለሁበት። ለአንድ የምርቃት ድግስ 3,000 ብር ቀብድ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የተቃጠለው አምፕሊፋየር ተጠጋግኖ ሲሠራ ቆይቶ በዚያው ሳምንት ጨርሶ ሞተ። ብሩን ይዤ አዲስ አበባ ወሰድኩት፣ አሠራሁት፣ ተመለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም። «የጋራ ዕቃ ነው፣ ምን አለበት?» አልኩ ለራሴ። ከድግሱ በኋላ ሒሳብ ስንካፈል 3,000 ጎደለ። ዝም አልኩ። እነሱም ደጋሹ የበላን መሰላቸው። ሰውየውን ከተማ ውስጥ ስሙን አጠፉት። አሁን መንገድ ላይ ሳገኘው ቀና ብዬ ማየት ይከብደኛል።

ጥር 2012 ላይ ድራመሩ ድራሙን ለአንድ ሠርግ አከራየው፤ ገንዘቡንም ለብቻው ያዘ። ልምምድ ላይ ድምፃዊው ሰማ። «ቤትህ ስላደረ ያንተ ሆነ?» አለው። ድራመሩ «እኔ ነኝ የተሸከምኩት፣ ቆዳውን የቀየርኩት» አለ። እሱም ትክክል ነበር። ጊታሪስቱ የአዲስ አበባውን ነገር አነሳ። እኔ ደግሞ የአዌቱን ዘፈን አነሳሁ። ዩቲዩቡ ላይ «ግጥምና ዜማ» ተብሎ የተጻፈው የድምፃዊው ስም ብቻ ነበር። ዘፈኑ የተወለደው ግን ከእኔ የቤዝ መስመር ነው። ኪቦርዲስቷ ዝም ብላ ቆየችና «ያ ቀብድ ግን የት ገባ?» አለች። ደጋሹ የእህቷ ባል ጓደኛ ነበር ለካ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

አንድም ቡጢ አልተሰነዘረም። ዕቃችንን ይዘን ወጣን። ድራሙ ብቻ ሁለት ቀን እዚያው መዝገቡ ሥር ቀረ።

ጊታሪስቱ የክላሽን መጨረሻ ነግሮን አያውቅም ነበር። በኋላ ራሴ አነበብኩት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ድራመራቸውን አባረሩ፣ በ1983 ጊታሪስቱን ሚክ ጆንስን። በ1986 ፈረሱ። ያንን ሳነብ ትንሽ ቀለለኝ፣ ትንሽ ደግሞ ተናደድኩ። ገድል ሲተረክ ለምን ግማሹ ይቀራል?

ያስታረቁን አባባ ናቸው፣ መስከረም 2013 ላይ። ማስታረቅ ማለቴ ሒሳብ ማስተካከል ነው፤ ፍቅሩ አልተመለሰም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ተቀመጡ። መጀመሪያ የጠየቁት «የገዛችሁበት ዋጋ ነው ወይስ የዛሬው?» ብለው ነው። ብር ወድቆ ስለነበር ልዩነቱ ትልቅ ነው። በዛሬው ዋጋ ተስማማን። ድራሙ 34,000፣ ሞንታርቦውና ሚክሰሩ 30,000፣ የቤዙ 14,000፣ የጊታሩ 10,000። ድምሩ 88,000፣ የእያንዳንዳችን ድርሻ 17,600 ብር። ድራመሩ ድራሙን አስቀርቶ 16,400 ይከፍላል። ኪቦርዲስቷ 12,400 ትከፍላለች። እኔ አምፕሊፋየሬን ይዤ 3,600 አገኛለሁ፤ ጊታሪስቱ 7,600። ድምፃዊው ሙሉ 17,600። ድራመሩ በአንዴ አልነበረውም፤ በአሥር ወር ከፈለ፣ አንድም ወር ሳያጓድል።

ስለ ቀብዱ አባባ ደረሰኝ ጠየቁኝ። የ1,100 ብር ብቻ ነበረኝ። «ጥገናው የጋራ ነው፣ ይኼ ተቀባይነት አለው። የቀረው 1,900 ያንተ ዕዳ ነው» አሉ። የእኔን ድርሻ አንስተው ለአራቱ 380፣ 380 አደረጉት። በእጄ የገባው 2,080 ብር ነው። ደጋሹን ይቅርታ እንድጠይቅም አዘዙኝ። ሄድኩ። ሻይ ጋበዘኝ፤ ጠጥቼ ወጣሁ እንጂ ምን እንዳልኩት አላስታውስም።

የዘፈኑን ነገር ግን አባባም አልቻሉትም። አንድ የሕግ ባለሙያ ዘመድ ጠየቅኩ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ጥበቃ የሚሰጠው ሥራው ወጥ ከሆነና በሆነ መንገድ ከተቀረጸ ነው፤ ምዝገባ ግዴታ አይደለም አለኝ። አብረው የፈጠሩት ሥራ የጋራ ነው። መብቱን ለሌላ ማስተላለፍ ግን በጽሑፍ መሆን አለበት። ስልኬን ፈተሽኩ። የቤዝ መስመሩን ብቻዬን ስጫወት የቀዳሁት ድምፅ ከነቀኑ ተገኘ። ለድምፃዊው ላክሁለት። ከሁለት ቀን በኋላ «እሺ» ብቻ ብሎ መለሰልኝ። ስለዚህ ስትለማመዱ ስልካችሁን አስቀምጡና ቅዱ። ፋይሉንም አታጥፉ።

ለእነዚያ ሁለት ልጆች አምፕሊፋየሩን አከራየኋቸው። ግን መጀመሪያ የባንዳቸውን አባላት አምስቱንም ጠርቼ አስቀመጥኳቸውና አንድ ገጽ አስጻፍኳቸው። ዕቃው በስንት ተገዛ፣ ማን ቤት ያድራል፣ ሲከራይ ገንዘቡ እንዴት ይከፈላል። አንዱ ቢወጣ ድርሻውን በየትኛው ዋጋ ይወስዳል። ቀብድ የሚቀበለው ሰው በዚያው ቀን ለሁሉም መልእክት ይልካል። የዘፈኑ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን የማን ነው። የባንዱ ስም ከፈረሰ በኋላ ማን ይጠቀምበታል። እኛ በስሙ ተጣልተን ማንም እንዳይጠቀምበት ተስማምተናል፤ እዚህም ያልጻፍኩት ለዚያ ነው። ድራመራቸው «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የፍቺ ወረቀት ነው» ብሎ ሳቀ። ፈረመ ግን።

አንዱን ረስቼው ነበር፤ በማግስቱ ደውዬ አስጨመርኩት። የዩቲዩቡ ቻናል በማን ኢሜይል ይከፈታል? የእኛ በድምፃዊው አሮጌ ስልክ ቁጥር የተከፈተ ነው። ስልኩ ጠፋ፣ ቁጥሩ ተዘጋ፣ የይለፍ ቃሉን እሱም አያስታውሰው። ቪዲዮዎቹ እዚያው አሉ። የአዌቱ ዘፈን ሥር በቅርቡ አንድ ልጅ «ይሄ ባንድ አሁን የት ነው?» ብሎ ጽፏል። በባንዱ ስም ገብቶ ሊመልስለት የሚችል ሰው የለም።